የወይራ ውሃ ያልተነበበ ሰዓት

ከድጃ የደወለችልኝ ዙህርን ሰግጄ፣ አሰላምቼ፣ ገና ከመስገጃው ሳልነሳ ነው። ከጡረታ ወዲህ የምኖረው ጅማ፣ ልጄ ዘንድ ስለሆነ ከወልድያ የሚመጣ ስልክ አላሳልፍም።

"ዘሃራ፣ ደብተሮችሽ ተገኙ" አለችኝ፣ ሰላምታውን በወጉ ሳንጨርስ።

ከድጃ ወልድያ ቢሮ ውስጥ እኔ ከወንዝ ያመጣሁትን ቁጥር በንጹሕ ወረቀት የምትገለብጥ ባልደረባዬ ነበረች። እሷም ጡረታ ወጥታለች፤ ቤቷ ግን ከቢሮው ስለማይርቅ ወሬ አያመልጣትም። በጦርነቱ ጊዜ የቢሮው ወረቀት ተበትኖ ግማሹ ማገዶ ሆኗል፣ ግማሹን ዝናብ በልቶታል። የእኔም ድካም አብሮ እንደሄደ ተቀብዬ ቆይቻለሁ።

"የትኞቹ ናቸው የተገኙት?" አልኳት።

"ሰማያዊዎቹ፣ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ዓመት። የቢሮው ጥበቃ ሚስት በማዳበሪያ ከረጢት አስራ ጣራ ሥር ሰቅላቸው ኖሯል። ወይራ ውሃ ላይ እንደገና የመስኖ ጠለፋ ሊሠራ ነው፤ ወጣቶቹ መሐንዲሶች ቁጥርሽን ኮምፒውተር ውስጥ እያስገቡት ነው። እንዴት እንዳመሰገኑሽ ብትሰሚ። ይቺ ሴት አንድ ቀን እንኳ አልዘለለችም፣ እንዲህ ያለ መዝገብ አይተን አናውቅም ነው የሚሉት።"

"ከዚያ በኋላ ያሉት ደብተሮችስ?"

"እነሱ የሉም።"

"ስለ ጎርፉ የጻፍኩት ሪፖርትስ?"

"እሱም የለም፣ እህቴ።"

ስልኩን ዘግቼ መስገጃው ላይ ቆየሁ። በሰማያዊዎቹ ደብተሮች ውስጥ የፈጠርኩት ቁጥር አንድም የለም፤ ይህን ነገ በአላህ ፊትም እናገረዋለሁ። ግን በእነዚያ እውነተኛ ቁጥሮች ተመክቼ አንድ ጊዜ የሰጠሁት ቃል የወንዙን የግራ ዳርቻ በሙሉ አስበልቷል። ያ ቃል ሁለተኛ እንዳይሰጥ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ወንዙን ላስተዋውቅ። ወይራ ውሃ ትንሽ ነው፤ በካርታ ላይ ከመስመሩ ስሙ ይረዝማል። ከሐብሩ በስተምዕራብ ካለው ገደል አናት፣ ገብስ ከሚዘራበት ደጋ፣ በሁለት ቅርንጫፍ ይነሳል። የቀኙ ቅርንጫፍ ቀይ አፈር እያጠበ ይወርዳል፣ የግራው በጥቁር ቋጥኝ መካከል። ሁለቱ ከአንድ ፏፏቴ በታች ይገናኙና ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይገባሉ፤ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ቢያያዝ ግራና ቀኙን ግድግዳ የሚነካበት ቦታ አለ። ሸለቆው ድንገት ያልቅና ወንዙ ሜዳ ላይ ይወጣል። አመሉ የሚታወቀው እዚህ ነው። ከላይ ያንከባለለውን ድንጋይ ሁሉ እዚያ ይዘረግፈዋል፤ አምና በቀኝ የሄደ ዘንድሮ በግራ ይሄዳል። ከሜዳው በታች በግራና ቀኙ የብርቱካንና የማንጎ ማሳ አለ። ከዚያ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው አስፋልት ድልድይ ሥር ያልፍና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ሲወርድ አሸዋ ውስጥ ይሰወራል። የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም፤ በበጋ አልጋውን ክንድ ያህል ቢቆፍሩ ቀዝቃዛ ውሃ ይገኛል።

በበጋ ጫማ ሳያወልቁ ይሻገሩታል። በክረምት ግን ሜዳው ላይ ፀሐይ እያለ፣ ሰው ልብሱን አስጥቶ፣ ከላይ ገደሉ ራስ ላይ ደመና ይቋጠራል። ከዚያ ድንጋይ ለድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል፣ የፍግና የአፈር ሽታ ይቀድማል፣ ቀጥሎ ውሃው ይመጣል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ደግሞ ተመልሶ አልጋው ውስጥ ይተኛል። ጅማ አጠገባችን ያለው ወንዝ ጠዋት ያዩት ማታም ያው ነው፤ እንደሱ ዓይነት ወንዝ ላይ ብቀጠር ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ድልድዩ እግር ላይ የተተከለውን የውሃ ከፍታ መለኪያ ሰሌዳ የሚያነብ ሰው ተፈለገ። የአገሩ ሰው ሰሌዳውን "ሜትሩ" ይለዋል። ደሞዙ ከምስጋና ትንሽ ከፍ ያለ ነበር፤ ስለሱ ብዙ አልልም። ሥራው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሜትሩን አይቶ መጻፍ ነው። ለእኔ የተሰፋ ልብስ ነበር። ሱብሂን ሰግጄ እወርዳለሁ፤ መግሪብ ሳይገባ አንብቤ እመለሳለሁ። ታምሜ፣ ወልጄ፣ እናቴን ቀብሬ፣ አልዘለልኩም፤ አራስ ሆኜ እንኳ ባለቤቴን ልኬ በመስኮት ቁጥሩን እቀበል ነበር። ኩራቴ ይኸው ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ገብረመድኅን ናቸው። ቤተሰባቸው ከትግራይ መጥቶ ወልድያ የከተመ፣ ጾም የማይሽሩ ክርስቲያን፣ የቢሮው አንጋፋ ለኪ ነበሩ። በየወሩ መጥተው የውሃውን ፍሰት ይለካሉ፤ እኔ ገመድ እይዛለሁ። በረመዳን አንድ ቀን ውሃው ሲበርደኝ አይተው፣ "ዘሃራ፣ ያንቺ ጾም በፀሐይ፣ የኔ በሥጋ። ወንዙ የሁለታችንንም አያውቅምና ግቢ" አሉኝ።

ጋሽ ገብረመድኅን እንደደረሱ መሣሪያ አያወጡም። መጀመሪያ ይቀመጣሉ። ከዚያ ሦስት ጠጠር ያነሱና አንዱን ከውሃው አፍ፣ አንዱን ስንዝር ከፍ አድርገው፣ አንዱን ስንዝር ውስጥ አስገብተው ያስቀምጣሉ። ለክተን ስንጨርስ ወደ ጠጠሮቹ ይመለሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ከሰጠመ ወይም ከደረቀ ወረቀቱን ቀደው፣ "እኛ ስንለካው እሱ ሌላ ሆኗል፤ እንደገና" ይላሉ። ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ ቆሞ ይህን መስማት ቀላል አይደለም።

ውሃው ቀይ ከሆነ ከቀኙ ቅርንጫፍ ዘንቧል፤ ግራጫ ሆኖ እግር የሚቆርጥ ከሆነ በግራው ራስ ላይ በረዶ ጥሏል። ይህን በእጃቸው ነክተው ያውቃሉ። መሣሪያው የማይገባበት ኃይለኛ ውሃ ሲሆን ብርቱካን ይወረውራሉ። ቡሽ ከውሃው በላይ ስለሚንሳፈፍ ነፋስ ይነዳዋል፤ ብርቱካን ግን አብዛኛው ገላው ውሃ ውስጥ ስለሆነ ከውሃው ጋር ነው የሚሄደው። እኔ ታች ቆሜ ሰዓት እይዛለሁ። ያገኘነውንም ጥቂት እንቀንስለታለን፣ የላዩ ውሃ ከታቹ ይልቅ ይቸኩላልና። ብርቱካኑን የምንወስደው ከአባ ይመር ማሳ ነበር። አባ ይመር የግራው ዳርቻ ገበሬዎች የመረጧቸው የውሃ አባት ናቸው፤ መስኖውን በተራ የሚያካፍሉ፣ በውሃ የተጣላ የሚያስታርቁ።

"የመንግሥት ሥራ ማለት ብርቱካን ለወንዝ ማብላት ነው?" ይሉናል።

"እየተበደርን ነው፣ አባ ይመር" ይላሉ ጋሽ ገብረመድኅን።

"እንግዲያው አፋር ወርዳችሁ አምጡልኝ።"

ከሁሉ በላይ ግን ጋሽ ገብረመድኅን ሁለቱንም ዳርቻ በእግራቸው ሳይሄዱ አይመለሱም። ግራር ቅርንጫፍ ላይ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ጎርፍ ትቶት የሄደ ደረቅ ገለባ ይፈልጋሉ። "ማንም ገበሬ ገለባ ዛፍ ላይ አውጥቶ አይሰቅልም፤ ውሃ ነው የሰቀለው" ይሉኝ ነበር። እኔም አብሬያቸው አያለሁ፤ ግን ልቤ ደብተሬ ላይ ነበር። ገለባ መቼ እንደተሰቀለ አይናገርም፤ የኔ ቁጥር ግን ቀን አለው፣ ሰዓት አለው እል ነበር በሆዴ።

በአሥራ ሦስተኛው ዓመት እሳቸው ራሳቸው አስቀጥረውኝ ወልድያ ቢሮ ገባሁ። ከዚያ ሐራ ቆላው ላይ ሠራሁ፣ ወደ ቆቦም ብዙ ወራት ተላክሁ። አንድ አለቃ ነበረን፤ ሴት ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ መግባቷ ነውር ነው ብሎ ዳር ቁሚ ይለኛል። ጋሽ ገብረመድኅን አንድ ቀን በሰው ፊት፣ "ልክ ነዎት፣ ገመዱን የሚይዝ ዳር የሚቆም ሰው ያስፈልገናል። እርስዎ ይያዙት፣ እሷ ትግባ" አሉት። ያዘ። እኔም ከቀሚሴ ሥር ሱሪዬን ታጥቄ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጥያቄው አልተነሳም።

እሳቸው ጡረታ በወጡ በዓመቱ የወይራ ውሃ ጠለፋ መጣ። ወንዙን ከሜዳው ራስ ላይ በግንብ ጠልፎ ለሁለቱም ዳርቻ ማጠጣት ነው ሥራው። መሐንዲሱ ከሌላ አገር የመጣ፣ ጨዋ ሰው ነበር። የጎኑ ግንብ ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለውን ለመወሰን ገበሬው ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። እኔ አሥራ ሁለቱን ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ።

አባ ይመር በበትራቸው የዋርካውን ሥር ነኩ። "ውሃው እዚህ ይደርሳል።"

መሐንዲሱ ወደ እኔ ዞረ። "መዝገቡ ምን ይላል?"

"በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የተነበበው ከፍተኛ ሁለት ሜትር ከአርባ ነው" አልኩ። አባ ይመር የነኩት የዋርካ ሥር ግን ከዚያ እጅግ ከፍ ይላል።

"አባ ይመር፣ ያሉት ምናልባት በአባትዎ ጊዜ ይሆናል" አልኳቸው በአክብሮት።

"አባቴ ምን አገባው? አንቺ ሜትሩን ስታነቢ ነው። እኔ አይቻለሁ።"

"እኔ ጠዋትና ማታ እዚያው ነበርኩ እኮ።"

"አንቺ ስትመጪ እሱ ሄዷል" አሉ። ሰው ሳቀ። ቀጠሉ፣ "ይህ ደብተርሽ ዋና ይችላል?"

አሁንም ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ግን ፈርጠም ብዬ፣ "ከእኔ የበለጠ ይህን ወንዝ ያየ ሰው የለም፤ ቁጥሩ ይኸው ነው፣ እፈርምበታለሁ" አልኩ። ፈረምኩ። አባ ይመርም ትከሻቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ። ግንቡ ከእኔ ቁጥር ላይ ጥቂት ተጨምሮበት ተሠራ።

የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ግንቡን እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ክረምት፣ በአንድ ጁምዓ፣ ሰዉ ዳገቱ ላይ ካለው መስጊድ ሰግዶ ሲወጣ ወንዙ መጣ። በግራው ግንብ ላይ ተሻግሮ፣ ዳርቻውን ቆርጦ፣ አዲስ መንገድ ከፍቶ በብርቱካኑ መካከል ሄደ። ማሳ ላይ ሰው ስላልነበረ ነፍስ አልጠፋም፤ አልሐምዱሊላህ። ማሳው ግን ጠፋ።

በማግስቱ ጠዋት ከወልድያ ደረስኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሜትሩ ነው፣ ልማድ ሆኖብኝ። የዚያን ጊዜው አንባቢ ጎበዝ ሰው ነበር፤ ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። የጁምዓ ጠዋት፣ ሠላሳ ሴንቲሜትር። የጁምዓ ማታ፣ ሰማንያ ሴንቲሜትር። ለመዝገቡ ያ ቀን ተራ ቀን ነበር። ቀና ስል ከድልድዩ ጎን ባለው ግራር ላይ ትኩስ ገለባ ተንጠልጥሏል። በገመድ ለካሁት፤ ከአራት ሜትር በላይ ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ወንዙ የሚሞላው በዙህርና በዐስር ሶላት መካከል ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ከሱብሂ በኋላና ከመግሪብ በፊት ነው የመጣሁት። ስመጣ ሁልጊዜ ሄዶ ነበር። ጥንቃቄዬ እውነት ነው፣ ግን ከሰዓቱ ውጭ ሆኜ ነው የተጠነቀቅሁት።

አባ ይመር ማሳቸው ላይ፣ ማሳ ከተባለ፣ ተቀምጠው ነበር። የብርቱካኖቹ ጫፍ ብቻ ከድንጋዩ በላይ ይታያል። ሲያዩኝ፣ "ነይ፣ ዘሃራ፣ ቁጭ በይ። መቀመጫ እንደሆነ ሞልቷል" አሉኝ።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባ ይመር። አውፍ ይበሉኝ።"

"ያንቺ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እኔም የውሃ አባት ተብዬ፣ አይቼ፣ ቁጥር ሲነበብብኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። ያ ሁሉ ሰው ያየ ነው፤ እሱም ዝም አለ።" ከዚያም፣ "አውፍ ብያለሁ። ግን እውነቱን ጻፊው" አሉ።

ወልድያ ተመልሼ ጋሽ ገብረመድኅን ቤት ሄድኩ። ታመው ተኝተው ነበር። አንድም አልተቆጡኝም።

"ገለባውን አይተሻል?"

"አሁን አየሁት።"

"ከግንቡ በፊትስ?"

መልሴን ሳይጠብቁ፣ "ቀኑን ሙሉ እዚያ መቀመጥ አትችይም። አንቺ በሌለሽበት የሚመሰክርልሽ ነገር ፈልጊ። የቤትሽ ግድግዳ ዝናብ ሲመታው ምኑ ይለቃል?" አሉኝ።

"ኖራው።"

"በይ እንግዲህ።"

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በእኔ ሥር ባሉ ወንዞች ሁሉ አንባቢዎቼ የድልድዩን እግር ጠዋት ጠዋት በኖራ ይቀቡ ነበር። ጎርፉ የደረሰበትን ያህል ኖራውን አጥቦ ይሄዳል፤ ማታ ነጩ ከሚጀምርበት ላይ እናነባለን። በመጀመሪያው ክረምት ብቻ ወይራ ውሃ ሦስት ሜትርን ደጋግሞ ሲያልፍ አየሁ። ሪፖርቱንም ጻፍኩ፤ የማን ስህተት እንደሆነ ስሜን አስገብቼ። ሥራዬን ከዚያ በኋላ በደንብ እንደሠራሁ ማንም አይክደኝም። የጠፉት ደብተሮች እነዚያ ናቸው። አባ ይመርም ጋሽ ገብረመድኅንም በሕይወት የሉም፤ አላህ ምሕረቱን ይስጣቸው።

ከዚያ ስልክ በኋላ ከድጃ ከአሁኑ መሐንዲስ ጋር አገናኘችኝ። ድምፁ ልጅ ነው፣ አነጋገሩ የታረመ።

"እማማ፣ ደብተርዎ ላይ ከፍተኛው ሁለት ሜትር ከአርባ ነው።"

"ትክክል ነው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ጎርፉ ግን ከዚያ አልፏል።"

"መቼ?"

"እኔ በሌለሁበት ሰዓት።"

"ታዲያ እርስዎ ካልነበሩ በምን አወቁ?"

ጥያቄው የሚገባ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ ሳያቋርጠኝ ሰማ። "አምንዎታለሁ" አለኝ፣ "ግን የአንድ ሰው የስልክ ቃል ይዤ ንድፍ መለወጥ አልችልም፤ ዋርካውም ተቆርጧል። በቦታው የነበሩ ሰዎች መጥተው ውሃው የደረሰበትን ቢያሳዩኝ በመሣሪያ አነሳዋለሁ። የብዙ ሰው ምልክት ከተቀራረበ ይበቃኛል።" ንድፉ የሚዘጋው ከክረምቱ በፊት ነው። እኔ ጉልበቴን በቀዶ ጥገና ታክሜ ሐኪም መንገድ ከልክሎኛል። ያኔ ወንዙ ሰብሮ በሄደበት በግራው ዳርቻ ደግሞ ዛሬ ሰው ድንጋዩን ለቅሞ ቤት ሠርቶበታል። የቆርቆሮው ብልጭታ ከአስፋልቱ ይታያል ትላለች ከድጃ። ያን ጊዜ ብርቱካን ነበር የሄደው።

ስለዚህ በዚያ ጁምዓ ከመስጊድ ወጥታችሁ ዳገቱ ላይ ቆማችሁ ወንዙን ያያችሁ የመርሳ፣ የግራና፣ የውርጌሳ ሰዎች፣ ቃሌ ለእናንተ ነው። ያኔ ዋርካው ሥር እኔ ስናገር ዝም ያላችሁትም ጭምር። መሐንዲሱ በየሳምንቱ ማክሰኞ ወንዙ ላይ ይውላል። ሂዱ። ተማክራችሁ አንድ ቦታ አትምረጡ፤ እያንዳንዳችሁ ለየብቻችሁ፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ አሳዩት። ተናድዳችሁ አታስበልጡ፣ ጠለፋው እንዳይቀርባችሁ ፈርታችሁ አታሳንሱ። ያላየ፣ አላየሁም ይበል። ማንም ቁጥር ቢያነብባችሁ፣ የእኔንም ቁጥር ቢሆን፣ ዝም አትበሉ። እኔ በዚያ ሰዓት አልነበርኩም፤ እናንተ ነበራችሁ።